ለሻሼ የምናቆመው ድንጋይ



ሻሼን የማያውቅ የኮምቦልቻ ግቢ ተማሪ ጥቂት ነው። ከግንባሯ እስከ ጆሮዋ ነጭ ስለነበር ሻሽ ያሰረች ትመስል ነበር፤ ስሙም የወጣላት ከዚያ ነው። ከካፌ ስንወጣ ደጃፉ ላይ ትጠብቀናለች። ለሱብሒ ስንነሳ ከዶርማችን ደረጃ ተነስታ እስከ ግቢው በር ትሸኘናለች። በረመዳን ስሑር ላይ ድርሻዋን የሚረሳባት አልነበረም።

ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። ስንመለስ ሻሼ ደረጃው ላይ የለችም። የጥበቃው አባታችን «ከስታ ከስታ ሞተች፤ እኔው ቀበርኳት» አሉን። ያን ማታ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን አለቀሰ፤ ሌላው ደግሞ ሳቀበት። በማግስቱ «ስሟ የተጻፈበት የማይጠፋ ድንጋይ እናቁምላት» የሚል ሐሳብ መጣና 2,600 ብር ተዋጣ። ሦስታችን ሐረጎን ወጥተን ደሴ ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ደረስን። ግን ሳናዝዝ ተመለስን። ገንዘቡ አማና ነውና ለምን እንደተመለስን ላዋጣችሁ ሁሉ ልንነግራችሁ ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ እንባው። ለድመት ማዘን የዲን ጉድለት የሚመስለን ካለን የአቡ ዑመይርን ታሪክ እናስታውስ። የአነስ ታናሽ ወንድም ነበር፤ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞታ ልጁ ባዘነ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላለፉትም፤ በኩንያው እየጠሩ ወፏ ምን እንደሆነች በለሰለሰ ቃል ጠየቁት። ኢብኑል ቃስ የተባሉት የሻፊዒይ ፈቂህ ከዚህ አጭር ሐዲስ ብቻ 60 ያህል ቁም ነገር አውጥተዋል። ስለዚህ ያለቀሰው ወንድማችን የሚያሳፍር ነገር አላደረገም። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት የሳቀው ነው።

ቀጥሎ ስለ ድንጋዩ። ጠራቢው እብነ በረድ፣ ጥቁር ድንጋይና ሲሚንቶ አሳየን። መሐንዲስ ልንሆን የምንማር ነንና የቱ ይቆያል ብለን መከራከራችን አልቀረም። እብነ በረድ ያምራል፤ ግን በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ዝናብ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ጥቂት አሲድነት አለው። ክረምት በመጣ ቁጥር የፊደሉን ጠርዝ ጥቂት በጥቂት ይበላዋል። ሲሚንቶው ውስጡ ብረት ካለውና ውሃ ከገባው ብረቱ ዝጎ ያብጣል፣ ከዚያ ይሰነጥቀዋል። የሚሻለው ጥቁሩ ባዛልት ነው። የወሎ ተራሮች የቆሙበት እሳተ ገሞራ የተፋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጠንካራ ነው፤ በጥንካሬው ልክ ግን ለመቅረጽ ያስቸግራል፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ክርክራችንን ያቆመው ከመካከላችን አንዱ ያነሳው ጥያቄ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዑስማን ኢብኑ መዝዑን የተባሉት ሶሓባ ሲቀበሩ ምን አደረጉ? አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ቀብሩ እንዲታወቅ ብለው አንድ ድንጋይ በራስጌው አኖሩ። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ ቀብርን መለሰንና በላዩ መገንባት ተከልክሏል። ለዚያ ታላቅ ሶሓባ ያልተቀረጸ ድንጋይ ከበቃ፣ የጀናዛ ሶላት ለሌላት ድመት የተጠረበ እብነ በረድ ከየት መጣ?

በአገራችን ለእንስሳ ድንጋይ የቆመበት ጊዜ የለም ማለታችን አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ ነበራቸው፤ መቃብሩም ከነድንጋዩ አዲስ አበባ በቤተ መንግሥታቸው ግቢ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን ግን ስለዚያ ድንጋይ ሰምተን አናውቅም። አባ ሻንቆ ሲባል ግን የወሎ ልጅ ማን እንደሆነ ያውቃል። አባ ሻንቆ የንጉሥ ሚካኤል፣ ደሴ ላይ አይጠየፍን ያሠሩት የሚካኤል የፈረስ ስም ነው። መሐመድ ዐሊ ተብለው ተወልደው ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖታቸውን የቀየሩ ናቸውና ታሪካቸው ለእኛ ሌላ ቁስል አለው፤ ዛሬ የምናነሳው ፈረሱን ብቻ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ሁሉ፣ ፈረሱ የሚታወሰው በጌታው ስም ላይ ነው።

እኛስ ከዚህ የበለጠ አለን አይደል? ከ5,000 በላይ ሐዲስ ያስተላለፉልን ሶሓባ በዓለም ሁሉ የሚጠሩት በድመት ነው፤ አቡ ሁረይራ፣ የድመቷ አባት። ስሙ የወጣላቸው በሚንከባከቧት ትንሽ ድመት ምክንያት ነው። ለዚያች ድመት የቆመ ድንጋይ የለም። ያቆያት የተደረገላት እንክብካቤ ነው።

እዚህ ላይ ደርሰን ዝም አልን። ምክንያቱም ሌላውን የድመት ሐዲስ ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን፦ ድመት አስራ ሳትመግባት፣ የምድርን ነፍሳት እንድትበላም ሳትለቃት ሞታባት በዚያ ሰበብ የተቀጣችው ሴት። እኛ ሻሼን አላሰርናትም። ግን እጃችንን አስለመድናት። ምግቧን ከእኛ ብቻ እንድትጠብቅ አድርገን፣ ሻንጣችንን ዘግተን ሄድን። ከመቶ የምንበልጥ ወዳጆቿ መካከል «በእረፍቱ ማን ያበላታል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ የተቀረጸ ድንጋይ ብናቆም የሚያጽናናው እኛን ነው፤ ለእሷ ምንም አያደርግላትም። እንዲያውም ጥፋታችንን የሚሸፍን ይሆንብናል ብለን ፈራን።

«የሰው ረሃብ እያለ ስለ ድመት ታወራላችሁ?» የሚለን ወንድም አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የምንለው ከሚደፋው ትራፊ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ከገንዘብ ይልቅ ተራ የሚይዝ ሰው ነው። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው አላህ (ሱ.ወ) ምሕረት እንዳደረገለት በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። በጫማው ነበር የቀዳው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። የሻሼ ቀብር ላይ ከዚያው ከግቢው የተነሳ ተራ ድንጋይ ይቀመጥ፤ ማንም እንዳይቆፍረው ምልክት ይሆናል፣ ይበቃል። በገንዘቡ ደግሞ ግቢውን አስፈቅደን ከካፌው ጀርባ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ዝቅ ያለ የውሃ ገንዳ እንሥራ። ጥልቀቱ በጣም ትንሽ ይሁን፤ ወፍም ግልገል ድመትም እንዳይሰጥሙበት። ኮምቦልቻ ሞቃት ናትና ትንኝ እንዳይራባበት ውሃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር። ስም አይጻፍበት፤ የሻሼም የእኛም። ለእረፍት ጊዜ ደግሞ ቤታችን ደሴና ኮምቦልቻ የሆነ ተማሪዎች ተራ እንግባ። ከደሴ ወርዶ መመለስ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

በዚህ የማይስማማ ያዋጣውን መልሶ መውሰድ ይችላል፤ ሐቁ ነው። የሚስማማ ደግሞ ከጁሙዓ በኋላ ለተራው ስሙን ያስመዝግብ። ያለቀሰው ወንድማችን የመጀመሪያውን ሳምንት ወስዷል። ሁለተኛውን የወሰደው ስቆበት የነበረው ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።