ምሁር በሸንጎ ፊት

በየሻይ ቤቱና በየመኝታ ክፍሉ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተነሥቶ ምክር ቤት የገባ ዕለት፣ ዕውቀቱን ከበሩ ላይ አኑሮት ነው የሚገባው» ይባላል። እኛ ይህን አባባል እንዳለ አንቀበለውም። ነገር ግን እንዲሁ የመጣ እንዳልሆነ እናውቃለን። እጃቸውን ለማውጣት ብቻ የተቀመጡ ባለ ብዙ ዲግሪ ሰዎችን በቴሌቪዥን አይተናል። ታዲያ ነገሩን በወሬ ከምንፈርደው፣ ከመማሪያ ክፍል ተነሥተው ሸንጎ የገቡ ሰዎች ምን እንደ ሠሩና ምን እንደ ደረሰባቸው ብናይ አይሻልምን?

ከእኛው ሰዎች እንጀምር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1923 ዓ.ም. በሸዋ፣ በሸንኮራ ተወለዱ። ካይሮ ተምረው፣ ቱቢንገን ላይ በሴም ቋንቋዎች የዶክትርና ማዕርግ ተቀብለው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ያዙ። ደርግ ንጉሡን አውርዶ ፓርላማውን ከዘጋ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የመማክርት ጉባኤ ሲያቋቁም፣ ሸዋን ወክለው ከገቡት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ብዙዎች አንገታቸውን በደፉበት ወራት እርሳቸው የመሰላቸውን በግልጽ ተናገሩ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ወታደሮች ወደ ቤታቸው መጡ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ የተመታው አካላቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ከተሽከርካሪ ወንበር አላስነሣቸውም።

የእንደራሴነት ዘመናቸው አንድ ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ለመዘነው ሰው ምሁሩ ከስሮ ወጣ። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ያለውንም እንቆጥራለን። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው፣ ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በፊልም የተነሡትን በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት መረመሩ፤ ዝርዝራቸውን ለዓለም አወጡ። በ1980 ዓ.ም. የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. አረፉ። ከሥራዎቻቸው መካከል ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገን በ1996 ዓ.ም. ያሳተሙት የደቂቀ እስጢፋኖስ ታሪክ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ «ለሥላሴ እንጂ ለንጉሥ አንሰግድም» በማለታቸው የተገረፉ፣ አካላቸው የተቆረጠ፣ የተሰደዱ መነኮሳት ናቸው። ጠባቂ አልነበራቸውም፤ ሕዝቡም ጠልቷቸው ነበር። ጥይት የቀመሰው ምሁር ለመጽሐፉ የመረጠው ስም «በሕግ አምላክ» ነው።

ይህች ቃል የማን እንደ ሆነች የፋርጣም ሆነ የእስቴ ልጅ ያውቃታል። አያቶቻችን በመንገድ ላይ የተጣላውን ሰው በእርሷ ያስቆሙት ነበር። ባለጠጋ ይሁን ድኻ፣ የተወደደ ይሁን የተጠላ፣ ለጠራት ሁሉ ትሠራለች። የተጠላው ሲጠራት የማትሠራ ከሆነች ግን ሕግ መሆኗ ቀርቶ የወዳጆች ስምምነት ትሆናለች።

አሁን ከአገር ርቀን አንድ ሌላ መምህር እንጥራ፤ አንዳንድ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ግንባሩን ሊቋጥር ይችላል። ዴቪድ ኖሪስ ይባላሉ፤ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ፣ የጄምስ ጆይስን ሥራዎች በማስተዋወቅ የታወቁ ሰው ናቸው። የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኞች መብት ተከራካሪ ነበሩ፤ ራሳቸውም ከእነርሱ ወገን መሆናቸውን አልደበቁም። አየርላንድ በእንግሊዝ ዘመን በ1861 እ.ኤ.አ. የወጣውንና እስከ ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣውን ሕግ ነፃ ከወጣች በኋላም አልሻረችውም ነበር። መምህሩ በገዛ ስማቸው መንግሥትን ከሰሱ። በ1983 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስት ለሁለት ፈረደባቸው፤ የብዙኃኑ ዳኞች አንዱ ምክንያት የሕዝቡ ክርስቲያንነት ነበር። ወደ ስትራስቡርግ ይግባኝ ሄዱ፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ጠበቃቸው የነበሩት ሜሪ ሮቢንሰን በ1990 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ የሚያስደንቀን ወደ ሸንጎ የገቡበት በር ነው። በዚያ አገር የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የራሳቸው መቀመጫ ነበራቸው። ኖሪስ ደጋግመው ተወዳድረው ከወደቁ በኋላ በ1987 እ.ኤ.አ. የትሪኒቲ ምሩቃን መረጧቸው። የቆየው ሕግ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሻር እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. እስኪሰናበቱ ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተቀመጡ። የአንድ ጉዳይ ሰው ብቻ ነበሩ የሚላቸው ይሳሳታል፤ የደብሊንን አሮጌ ቤቶች ከመፍረስ ለማዳንም ሲታገሉ ኖረዋል። (የደብረ ታቦርን አሮጌ ቤቶች ማን ይከራከርላቸው ይሆን?)

«ይህ ለእኛ አይሆንም፤ ሃይማኖታችንም ባህላችንም ይከለክለዋል» የሚል እንዳለ እናውቃለን። ሕጋችንም ይከለክላል፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበረ፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ሰፍሯል። የ1949ኙን ያረቀቁት ስዊሳዊው ዣን ግራቨን እንደ ነበሩም ማስታወስ አይከፋም። በበኩላችን የምንለው ይህ ነው፤ ማንንም ያልጎዳን ሰው ወኅኒ የሚያስገባ ሕግ ቢያንስ በግልጽ ክርክር ፊት መቆም መቻል አለበት። «ስለዚህ ጉዳይ አይነገርም» የሚል ሸንጎ፣ ነገ «ስለ ረኃብም አይነገርም» ይላል። ብሎም ያውቃል፤ በ1966 ዓ.ም. የወሎ ነገር ከተደበቀ በኋላ ምን እንደ መጣ ሁላችንም ተምረናል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ሞክረዋል። የሥነ ሕይወት መምህሩ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ በሽግግሩ ምክር ቤት ተቀምጠው ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. ከእነ ኅብረታቸው ተባረሩ፤ በኋላም በምርጫ ፓርላማ ገቡ። ከጎረቤታችን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምሁሩ ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ በ2013ቱ ምርጫ አሸንፈው ገብተዋል። በፖለቲካቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ጠይቀዋል።

ከዚህ ከጉና ሥር ሆነን የምንፈልገው እንደራሴ ምን ዓይነት ነው? የፋርጣና የላይ ጋይንት አፈር በአሲድ እየተበላ ነው። ገብሱ ይቀጭጫል፤ ገበሬው መሬቱን ለባሕር ዛፍ ይለቃል። መድኃኒቱ ኖራ እንደ ሆነ የግብርና ተማሪዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ፤ ኖራ ግን ይፈጫል፣ በመኪና ይጫናል፣ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈጃል፤ ይህ ሁሉ በጀት ነው፤ በጀት ደግሞ በምክር ቤት ነው የሚጸድቀው። አፈሩን በእጁ የለካ መምህር በዚያ ወንበር ቢቀመጥ፣ ሚኒስትሩን በስንት ኩንታል፣ በየትኛው ወር፣ በማን መኪና ብሎ ማፋጠጥ ይችላል። ቁጥሩን የማያውቅ እንደራሴ «ትኩረት ይሰጠው» ብሎ ይቀመጣል።

በአገራችን ለጋይንት ቤተልሔም የድጓ መምህርነት ምስክር ያልተሰጠው መሪጌታ፣ አንቱ አይባልም ነበር። የድጓው ሊቅ ሳይመሰከርለት ካላስተማረ፣ ሕግ አውጪውን ማን ይመስክርለት? እንግዲህ የተማሪዎች ማኅበሩ ይህን ይመልከትልን። የሚቀጥለው ምርጫ ሲቃረብ ከየፓርቲው የሚቀርቡትን ዕጩዎች፣ በተለይም መምህራኑን፣ ወደ አዳራሻችን ይጥራቸው። ንግግር አናሰማም እንበላቸው፤ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃቸው። ስለ ኖራው ይመልሱ። ሕዝቡ ስለሚጠላው ሰው መብት ተጠይቀው የሚሉትንም እንስማ፤ ከዝምታቸው እንኳ የምናገኘው መልስ አለ።