ፊልሙ ላይ ያለው ባቡር የማን ነው?

ዛሬ በዓምዳችን ስለ ፊልም እናወራለን። ስለ ተዋናይና ስለ ፍቅር አይደለም፤ በፊልም ውስጥ ስለሚታየው ባቡር ነው። «ይሄ ሁሉ ችግር እያለ ስለ ፊልም ባቡር?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱን፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ቤት ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው ካርቱም፣ ቡሪ ሳለን ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሳይነሳ በፊት፣ ማታ ማታ ከሥራ ስንገባ ዲሽ ያለው ሰው ቤት ተሰብስበን ፊልም እናይ ነበር። ቡናው ይፈላል፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። ከመካከላችን ድሬዳዋ በምድር ባቡር ያገለገሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። አንድ ማታ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» የሚባለው የ1962 ፊልም መጣ። ባቡሩ በፈንጂ ሲገለበጥ ልጆቹ ጮሁ። አባባ ግን ፊታቸውን አጨማደዱና «ይሄ የሒጃዝ ባቡር አይደለም፤ ገና ሳየው ሰፋብኝ» አሉ። ሳቅንባቸው። በኋላ ጉዳዩን ስናጣራ ግን እውነታቸውን ነው።

የሒጃዝ ባቡር ከደማስቆ እስከ መዲና እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1908 የተዘረጋ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ብቻ ነው። የእኛው የጅቡቲ ባቡርም ልክ 1 ሜትር ስለነበር አባባ ጠባብ ሐዲድ ዓይናቸው ውስጥ ነው። ፊልሙ ግን የባቡሩን ፍንዳታ ያነሳው በስፔን አገር፣ በአልሜሪያ በረሃ ነው። የስፔን ዋና ሐዲድ ደግሞ 1 ሜትር ከ67 ሳንቲ ገደማ ይሰፋል። በጠባቡ የዓረብ መስመር ቦታ የሰፊው አገር ባቡር ገባ ማለት ነው።

የሱዳንም ነገር እንደዚሁ ነው። ሱዳን ውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር ከ6 ሳንቲ ከ7 ሚሊ ነው። ኪችነር እ.ኤ.አ. በ1897 ከዋዲ ሐልፋ በረሃውን አቋርጦ ሲያስዘረጋ ይህን ልክ የያዘው ከደቡብ አፍሪካው መስመር ጋር እንዲስማማ ነው፤ ለዚያ አገር የተሠሩ ባቡሮችም ወደ ሱዳን መጥተዋል። መስመሩ ከዓባይ ማዶ፣ ካርቱም ባሕሪ የደረሰው በ1899 መጨረሻ ነው። እንግዲህ ስለ ቸርችል ወጣትነት የተሠራውን የ1972 ፊልም («ያንግ ዊንስተን») ብታዩ፣ በደቡብ አፍሪካ ቦዌሮች የሚያደፍጡበት የጦር ባቡር የተቀረጸው በእንግሊዝ ደሴት፣ በዌልስ ተራራ ላይ፣ ለዚያ አገር በተሠራ ሰፋ ያለ ሐዲድ ነው። ሣሩ ራሱ ያሳብቃል፤ የዝናብ አገር ሣር ነው።

የሐዲድ ስፋት ያው የስፋት ጉዳይ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ሌላ ዓይነት ስህተት ግን አለ። ሎውረንስን የሠራው ዴቪድ ሊን ከዚያ በፊት፣ በ1957፣ «በክዋይ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ» የሚለውን ፊልም ሠርቶ ነበር። ታሪኩ ጃፓኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታይላንድና በበርማ መካከል በምርኮኞች ጉልበት ስላስገነቡት ባቡር ነው። ቀረጻው የተካሄደው በሲሎን ነው። እውነተኛው ድልድይ ሜ ክሎንግ በሚባል ወንዝ ላይ ነበር፤ የልብ ወለዱ ደራሲ ክዋይ ብሎ ስለጻፈው ስሙ በዓለም ናኘ። ጎብኚው «ክዋይ የት ነው?» እያለ ሲመጣ፣ ታይላንዶች በ1960ዎቹ የወንዙን ስም ከፊልሙ ጋር አስማሙት! ፊልሙ ላይ ድልድዩን የሚያፈርሱት ሰርገው የገቡ ወታደሮች ናቸው፤ በእውነቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ከአየር ተደብድቦ ተጎዳ፣ ከጦርነቱም በኋላ ተጠግኖ ባቡር አልፎበታል። እኛን ያሳዘነን ይሄ አይደለም። በዚያ መስመር ከ12,000 በላይ የጦር ምርኮኞች ሲሞቱ፣ በግዴታ ከየመንደሩ የተነዱ የእስያ ሠራተኞች ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ አልቀዋል። ፊልሙ የእንግሊዝ መኮንኖችን ክብር ሲተርክ እነዚያ ሰዎች የሉም ማለት ይቻላል። ይሄ እንግዲህ የሐዲድ ስፋት አይደለም።

አሁን ደግሞ ትንሿን ስህተት እንመልከት። በአንዱ ትዕይንት አራት ፉርጎ የሚጎትት ባቡር በሚቀጥለው ስድስት ፉርጎ ይዞ ይመጣል። ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው ድንገት ወደ ግራ ይከንፋል። ለምን? ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። መድረሻው ሰኞ፣ መነሻው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ካሜራው ሐዲዱን ተሻግሮ ከወዲያ ማዶ ከቆመ፣ ያው ባቡር በተቃራኒው የሚሄድ ይመስላል። ይህን የሚከታተል፣ በየትዕይንቱ ምን እንደነበረ የሚመዘግብ ደመወዝተኛ አለ፤ ያም ሆኖ ይሳሳታሉ። አንዴ ባቡር ከፈነዳ ደግሞ «እንደገና» ማለት በገንዘብ አይቻልም፣ ስህተቱ ይቀራል።

የራሳችንም አገር ታሪክ ሲቀረጽ ልጆቻችን እንዲያጣሩ እንፈልጋለን። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጅ 1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ያለቀው በ1929 ነው። ስለዚህ ልጅ ኢያሱን ለገሃር ሕንፃ ደጃፍ የሚያቆም ድራማ ከመጣ፣ በ1916 ከሥልጣን የወረዱ ሰው ናቸውና ፉርሽ ነው። የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ጣልያን ወስዶት ሮም ከርሞ የተመለሰው በ1960ዎቹ ስለሆነ፣ በ1950 አደባባዩ ላይ ቆሞ ከታየ አላዋቂ ሠርቶታል። የቀን ነገርም አለ። ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ የተጓዙበትን ቀን አንዱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ይላል፣ ሌላው ሜይ 2 ቀን 1936። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ያው አንድ ቀን ነው።

ወደ ቤታችን መጣን። ከመካከላችን በቃለ መጠይቅ ወቅት በቀን ልዩነት ያልተፋጠጠ ማን አለ? መጀመሪያ «በሦስተኛው ቀን ድንበር ደረስኩ» ያለች እናት፣ ከዓመት በኋላ «በአራተኛው» ትላለች። ወይም 2015 ብላ አስተርጓሚው 2015 ብሎ ይጽፍላታል፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ! የፊልም ሰው ይህን ያህል መዝጋቢ ቀጥሮ ፉርጎ ይጠፋበታል፤ እሷ ልጅ አዝላ በሌሊት ነው የመጣችው። ዩኤንኤችሲአር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው መመሪያ፣ ስደተኛ ሁሉን ነገር በማስረጃ ማረጋገጥ እንደማይችል፣ ታሪኩ በጠቅላላው የሚታመን ከሆነ ጥርጣሬው ለእሱ እንዲታሰብለት ይላል። አንድ ትክክል ያልሆነ ቃል መገኘቱ ብቻውንም ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ መርማሪው ከሌላው ሁሉ ጋር ማመዛዘን አለበት።

እኛም የምንለው አለን፤ በዚህ አትቀየሙን። የማታስታውሱትን «አላስታውስም» በሉ። ታሪኩ እንዲያምር ብላችሁ የሌለ ባቡር አትጨምሩበት፤ እሱ የክዋይ ድልድይ ዓይነት ስህተት ይሆናል። ቀኑን በሐበሻ አቆጣጠር ተናገሩና «በሐበሻ ነው» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አስመዝግቡ። የተጻፈው እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ስህተት ካለም እዚያው ይታረም።

አባባ ራሳቸው ከአዋሽ ድልድይ ማዶ ስላደረጉት አንድ ጉዞ ደጋግመው ያጫውቱን ነበር። አንዳንዴ አምስት ፉርጎ፣ አንዳንዴ ሰባት። የቡሪ ልጆች ጠንቃቆች ስለሆኑ አንድ ማታ ያዟቸው፤ «አባባ፣ ባለፈው አምስት ብለው ነበር!» አሏቸው። ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀምጠው «ፉርጎውን መቼ ቆጠርኩና? እኔ ልጆቼን ነበር የምቆጥረው» አሉ። ስንት እንደነበሩ አልጠየቅናቸውም።

ከሰላና ገዳሪፍ መስመር አካባቢ ያደጋችሁ ልጆች፣ ያያችሁትን የባቡር ፊልም ስህተት ጽፋችሁ ላኩልን። ለሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ያቆየን።