ኩልፎ ዳር የሚሄደው ማን ነው?

ከጥቂት ወራት በፊት ከጣልያን አገር የተመለሰ አንድ ወዳጄ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ አንድ ሙሉ ምሽት ስለ አንድ መንገድ ብቻ አወጋኝ። የመኪና መንገድ አይደለም። ከጋርዳ ሐይቅ ጫፍ፣ ከፔስኪዬራ ከተማ ተነሥቶ፣ የሚንቾን ወንዝ እየተከተለ እስከ ማንቶቫ የሚወርድ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ነው። ሁለቱም ጥንታውያን ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም በዘመናቸው በውኃ የታጠሩ ምሽጎች ነበሩ። ዛሬ ሽማግሌው ከነባለቤቱ፣ እናት ከነልጇ በወንዙ ዳር ብስክሌታቸውን እየነዱ ያልፋሉ። ወዳጄ ትረካውን ሲጨርስ በረጅሙ ተንፍሶ፣ «እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር መቼ ይታሰባል!» አለ። እኔም እንግዳዬን ላለማስቀየም ዝም አልሁ። በሆዴ ግን «ወንዙስ እኛም አለን፤ የጠፋው ሌላ ነገር ነው» እያልሁ ነበር። እነሆ፣ ያን ምሽት የዋጥሁትን ዛሬ ልናገር።

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ይወርዳል። ከተማችንን ያቋርጣል፤ ከዚያም በጥቅጥቁ ደን ውስጥ አልፎ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ከላይ በደጋው፣ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረችው ጨንቻ አለች። ከታች በ1,300 ሜትር ግድም፣ ወንበሩን ከጨንቻ የተረከበችው አርባ ምንጭ አለች። በመካከላቸው 37 ኪሎ ሜትር የሚያህል ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ በዚህ መንገድ ላይ የዶርዜ ሸማኔ፣ የደጋው ገብስና እንሰት፣ የቆላው ሙዝ ይገናኛሉ። ታሪክ ያላቸው ሁለት ከተሞችና አንድ ወንዝ ከተፈለጉ፣ ባሕር መሻገር አያሻንም።

ነገር ግን ወንዛችንን እንዴት ያዝነው? በ1986 እ.ኤ.አ. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተው በዚችው ከተማ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ከግቢዎቹም አንዱ «ኩልፎ» ይባላል። ስሙን ሰጠነው፤ ፊታችንን ግን ነፈግነው። ቤቶቻችን ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ተሠርተዋል፤ ከጓሮ የተጠረገውም የሚወርደው ወደ እርሱ ነው። ብዙዎቻችን ኩልፎን የምናየው ባጃጁ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪጨርስ ብቻ ነው። ያልረገጡትን ወንዝ ማን ይጠብቀዋል? ውኃው ሲደፈርስ፣ ዳሩ ሲናድ፣ ጥላ የነበረው ዛፍ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚያየው በየዕለቱ በእግሩ በዚያ የሚያልፍ ሰው ነው። መንገድ የሌለው ወንዝ ምስክር የለውም።

«ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። «ሕዝቡ መጀመሪያ ዳቦ ይብላ፤ ብስክሌትና ሽርሽር ከዚያ ይደርሳል» ይላሉ። እነዚህን ሰዎች ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወስደው ዳገት ሥር አንድ ጧት ቢቆሙ እወዳለሁ። ባለፈው በዚያ ዳገት የማገዶ ሸክም አጉብጧቸው የሚወጡ አንዲት እናት አግኝቼ ሰላምታ ሰጠሁ። ሸክሙን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ፣ «እማማ፣ ለምን ራቅ ብለው በጥጉ አይሄዱም? መኪናው እኮ ሊገጭዎት ነው» አልሁ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ጥጉ የት አለና? አስፋልቱ የመኪና፣ ቦዩ የጎርፍ ነው፤ እኛ በተረፈው ነው የምንሄደው» አሉኝ።

«በተረፈው።» ከዚህ ቃል በኋላ ስለ ቅንጦት የሚያወራኝን ሰው መስማት አቃተኝ። በእግሩ የሚሄደው፣ ጭነቱን በብስክሌት የሚገፋው፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚጣደፈው ተማሪ ቅንጦተኛ ነውን? ቅንጦትስ ለጥቂቶች ጎማ ሰፊውን ለቅቆ ብዙኃኑን በተረፈው ማስኬድ ነው። መንግሥትም ቢሆን ይህን በወረቀት አምኗል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴር እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ስለዚህ ነገሩ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ አብቅቷል። የቀረው ለማን ይሠራ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኞቹ ይነሣሉ። «ይሠራ እንጂ፤ ቱሪስት ይመጣል፤ ዶላር ይገባል» ይላሉ። እኔ ከፊተኞቹ ይልቅ የምፈራው እነዚህን ነው። ለእንግዳ ዓይን ብቻ የተዋበ ምድር ነዋሪውን እንደ ጉድፍ መቁጠር ይጀምራልና። ሩቅ ሳንሄድ፣ ነጭ ሳርን እናስታውስ። በ2004 እ.ኤ.አ. ለፓርኩ ሲባል በዚያ የሚኖሩ የኮሬና የጉጂ ቤተሰቦች ከቀያቸው እንዲነሡ ተደርጓል። የዱር አራዊቱ ጥበቃ እንደሚያሻው አልክድም፤ ቆርኬውም የኛው ሀብት ነው። ግን ውበትን ከሰው ነጥለን ልንጠብቅ ስንነሣ ሁልጊዜ የሚነቀለው ድሃው መሆኑን አንርሳ።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ወዳጄ ያደነቀው የሚንቾ ሸለቆ የማን አገር እንደሆነ ታውቃለህ። ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት የተወለደው በማንቶቫ አቅራቢያ ነው። የመጀመሪያው የእረኞች ግጥሙ ስለ ምን ያወራል? ጥላው ሥር ዋሽንት ስለሚነፋ እረኛ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ለወታደር ተሰጥቶበት፣ ፍየሎቹን እየነዳ ስለሚሰደደው ጎረቤቱም ጭምር ነው። ቨርጂል መልክዓ ምድሩን ሲያሞግስ የተፈናቀለውን ከሥዕሉ አላወጣም። እኛ ጸሐፊዎች ግን ምን አደረግን? የዓባያን ቡናማ፣ የጫሞን ሰማያዊ፣ በመካከላቸው የተጋደመውን የእግዜር ድልድይ ከመኪና መስኮት እያየን ገጽ ሞላን። ከደኑ ማገዶ ተሸክማ የምትወጣዋ ሴት ግን «በተረፈው» እንኳ በጽሑፋችን አላለፈችም። ይህን ወቀሳ ከራሴ እጀምራለሁ፤ እኔም እንዲህ ያሉ ገጾች ጽፌያለሁና።

ምን ትፈልጋለህ ካላችሁኝ፣ የምፈልገው ጥቂት ነው። አዞና ጉማሬ ባሉበት ፓርክ ውስጥ መንገድ ይቀደድ አላልሁም። የጨንቻን ዳገትም ሁሉም በብስክሌት ይውጣ አላልሁም። በከተማው ክልል፣ በድልድዩ ላይና ታች፣ በኩልፎ ዳር ለእግርና ለብስክሌት ብቻ የተለየ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ ሸክም ማሳረፊያ መደብ ያለው መንገድ ይሠራ። ወደ ሴቻ የሚወስደው ዳገትም ለእግረኛው ጥግ ይኑረው። ጎርፉን የሚፈራ ቢኖር፣ ፌራራ አጠገብ በፖ ወንዝ ቀኝ ዳር የሚሄደው የብስክሌት መንገድ የተዘረጋው ጎርፍ ለመመከት በተካበው ግድብ ላይ ነው። ወንዙን የሚገታው ካብና ሰውን የሚያሳልፈው መንገድ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በተፈጸመው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አገር ሁሉ ይህን በአድናቆት ተናግሯል። እኔ ግን ደጋግሜ የማስበው ስለ ቦታው ነው። ይህ የሆነው መንገድ ላይ፣ በእግር ቆመው ፊት ለፊት በተያዩ ሰዎች መካከል ነው። በሚበር መኪና ፊት ማንም አይንበረከክም።

ከተማ ሰዎቿ የሚተያዩበት መንገድ ያስፈልጋታል። ያን መንገድ ስንሠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው የጎብኚውን ምርጫ አይሁን፤ በዳገቱ ሥር ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ ያስደገፉትን እናት እንጠይቅ። የት ቢሆን እንደሚሻል፣ ጥላው የቱ ጋ እንደሚያስፈልግ፣ የቱ ጋ እንደሚታረፍ ከመሐንዲሱ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ። ወዳጄም ያን ጊዜ ተመልሶ ይምጣ፤ ብስክሌት እኔ አበድረዋለሁ።