ሁለቱ «ዘጠኝ ሚሊ»፦ የሽጉጥ ምርጫና የአቅም ጥያቄ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

ከአዲስ አበባ የሚወጣው የጅማ መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን፣ የአምቦው ቡራዩን፣ የጎጃሙ ደግሞ ሱሉልታን አቋርጦ ያልፋል። ሰንጋው፣ ጤፉ፣ ወተቱና ድርቆሹ በእነዚህ መንገዶች ወደ ዋና ከተማዋ ይገባል፤ ጭነቱ በገባበት መንገድም ገንዘቡ ይመለሳል። የባንክና የስልክ ዝውውር ቢስፋፋም ከብት ሸጦ ጥሬ ገንዘብ በጉያው ይዞ የሚመለስ ነጋዴ ገና አልጠፋም። በዚያው መስመር የወፍጮ ቤቶች፣ የአበባ እርሻዎች፣ የእህል መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ሌሊቱን በጥበቃ ሠራተኛ ዓይን ያድራሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች «አንድ ሽጉጥ ቢኖረኝ» የሚል ሐሳብ የሚመላለስባቸው ሰዎች መኖራቸው ሊያስገርም አይገባም። ለመግዛት የሚያስብ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ዋጋው ስንት ነው የሚል ነው። ሊቀድሙ የሚገባቸው ግን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አንደኛው ሕጉ ይፈቅዳል ወይ የሚለው፣ ሁለተኛው ጥይቱ ከየት ይገኛል የሚለው ነው።

የጉዳዩን ስፋት አንድ አኃዝ ያሳያል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ የዜና ወኪሉ ሮይተርስ እንደዘገበው፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ከ33,000 በላይ ሽጉጦች፣ 275 ጠመንጃዎች፣ 21 መትረየሶችና 300,000 ጥይቶች ተይዘዋል። የሽጉጡና የጠመንጃው ልዩነት በጥሞና ሊጤን ይገባዋል። በአገራችን ገጠር የወንድ ልጅ ንብረት ተደርጎ ሲቆጠር የኖረው ጠመንጃ ነው። ኮንትሮባንዲስቱ የሚጭነው ግን ሽጉጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሽጉጥ በእህል ጆንያ ሥር፣ በነዳጅ ቦቴ ሆድ፣ በመኪና ወንበር ውስጥ ይደበቃል፤ ገዢውም በከተማ ውስጥ ይገኛል። በእነዚያ ዓመታት ከተያዙት መካከል በሱዳን ድንበር በኩል የገቡ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች ደጋግመው በዜና ተሰምተዋል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግለሰብ ሊይዛቸው የማይችላቸውን የመሣሪያ ዓይነቶች ለይቷል፤ ለባለቤትነት የዕድሜ ገደብ አስቀምጧል፤ መሣሪያ ማከማቸትንና ሌላውን ማስታጠቅን ከልክሏል። ተላላፊው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊደርስበት እንደሚችል በወቅቱ ተዘግቧል። ለገዢ የሚጠቅመው ትርጓሜ ቀላል ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ሰው፣ በዓይነቱና በቁጥሩ ለተመዘገበ አንድ መሣሪያ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ወይም ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን በመዝገብ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ፈቃዱን ሳይጠይቅ ዕቃውን የሚገዛ ሰው በሬውን ሳያይ ገመዱን እንደገዛ ነው፤ እንዲያውም የባሰ ነው፣ ገመዱ አያሳስርም።

ፈቃድ ለማግኘት የሚችል፣ ሥራውም የሚያስገድደው ሰው አለ እንበል። በሰበታ አንድ መጋዘን የሚጠብቅ፣ ወይም ለሠራተኞች ደመወዝ ከባንክ ገንዘብ የሚያመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። አቅሙ ውስን ነው። የትኛውን ዓይነት ሽጉጥ ይምረጥ?

የመጀመሪያው ወጥመድ የቁጥር ነው። «ዘጠኝ ሚሊ» ሲባል አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ያለ ይመስላል። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዘጠኞች አልፈዋል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተረፈው አጭሩ ቤሬታ ቀለሁ 17 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ጥይት ይጎርሳል። በ1970ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የመጣው ማካሮቭ የቀለሁ ርዝመት 18 ነው። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋውና ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የነደፈው ፓራቤለም ደግሞ 19 ነው። ልዩነቱ በርዝመት አያበቃም። የማካሮቩ እርሳስ ውፍረት 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፓራቤለሙ 9.01 ገደማ ነው። አንዱ ጥይት በሌላው ሽጉጥ አይተኮስም። ማስገደድ ወይ ዕቃውን ያሰናክላል ወይ ተኳሹን ይጎዳል። የሚያስከትለው ኪሳራ በገጠር የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዝተው መለዋወጫው በወረዳውም በዞኑም ሲጠፋባቸው ያዩ አርሶ አደሮች የሚያውቁት ዓይነት ነው።

ተመሳሳይ ግራ መጋባት በ7.62 ላይም አለ። የቶካሬቭ ሽጉጥና የክላሽንኮቭ ጠመንጃ ሁለቱም በ7.62 ይጠራሉ፤ ሆኖም የቶካሬቩ ቀለህ 25፣ የክላሹ 39 ሚሊ ሜትር ነው። «ለክላሽ የሚሆን ጥይት አለኝ» ብሎ ቶካሬቭ የሚገዛ ሰው ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎች ይዞ ይቀራል።

የጥይት ዓይነት ዋጋ የሚኖረው ሌላው ሰው የሚጠቀምበት ሲሆን ነው። ይህን አያቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር። ስሙን ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» የወሰደው ውጅግራ በአገሪቱ በተሰራጨበት ዘመን ጥይቱ በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጨው በአሞሌ እንደሚቆጠር ሁሉ ጥይትም በፍሬ ይቆጠር ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ሻጩም ገዢውም ያንኑ ጠመንጃ ስለያዙ ነው። በአንጻሩ ሰናድር፣ ምንሽር፣ ቤልጅግና ውጅግራ ተቀላቅለው በተሰለፉበት ጦር ውስጥ የአንዱ ዝናር ለሌላው አይበጅም ነበር። የዛሬው የሽጉጥ ገዢ በትንሹ ያንኑ የስንቅ ጥያቄ ይዞ ይቆማል።

በዓለም ገበያ መልሱ ግልጽ ሆኗል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ሲታጠቀው የነበረውንና እኛም ዘንድ በ1940ዎቹ ከተጀመረው ወታደራዊ ዕርዳታ ጋር የታወቀውን ባለ 45 ኮልት በ1985 ትቶ ወደ 9×19 ተሸጋግሯል። የአገሪቱ የፌዴራል ምርመራ ቢሮም ትልልቅ ጥይቶችን ሞክሮ በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ ዘጠኝ ሚሊ ተመልሷል። ያቀረበው ምክንያት ለእኛም ሁኔታ ይሠራል፤ ተኳሾች በአነስተኛው ጥይት የተሻለ ይመታሉ፣ ካርታው ብዙ ይይዛል፣ ለልምምድ የሚወጣው ወጪም ይቀንሳል። «ትልቅ ጥይት ይጥላል» የሚለው የቡና ቤት ክርክር በማስረጃ አልጸናም። የሚጥለው ዒላማውን ያገኘው ነው።

እዚህ ላይ ሙሉ መጠን ያለው ሽጉጥ ወይስ ትንሹ የሚለው ጉዳይ ይነሣል። ኮልቱ ባዶውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ርዝመቱም ከ21 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ማካሮቭ 730 ግራም ገደማ ነው፤ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ገዢ ትንሹን ይመርጣል፤ ይደበቃልና። ነገር ግን ክብደትና ርዝመት በከንቱ የተጨመሩ አይደሉም። ከባድ ሽጉጥ ሲተኮስ እጅን የሚመታው ግፊት ይቀንሳል፤ እጀታው መዳፍን ይሞላል፤ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያው መካከል ያለው ርቀት ስለሚረዝም ስሕተቱ ያንሳል። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚተኩስ የጥበቃ ሠራተኛ ከትንሹ ይልቅ ትልቁ ይቅር ባይ ነው። ደንብ ልብስ ለብሶ በግልጽ የሚታጠቅ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር የለውም። ትንሽ ሽጉጥ የሚያስፈልገው ለመደበቅ ነው፤ ለመደበቅ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚፈልግ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከአሮጌዎቹ መካከል ቶካሬቭ በሙሉ መጠኑና በጥንካሬው ይወደሳል። ይሁንና ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። በመጀመሪያው ሥሪቱ ራሱን የቻለ መጠበቂያ ቁልፍ የለውም፤ መዶሻውን በግማሽ ከማቆም በቀር። ጥይት አጉርሶ በወገብ ማሰር፣ በተለይ በተጨናነቀ ታክሲ ወይም በሚዘል አይሱዙ ላይ፣ የታወቀ አደጋ ነው። ሁለተኛው የጥይቱ ፍጥነት ነው። እርሳሱ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይከንፋል፤ የማካሮቩ 300 ገደማ፣ የኮልቱ 250 ገደማ ነው። በዓለም ገናና በቡራዩ መንደሮች የአንዱ ቤት ግድግዳ ለሌላውም ግድግዳ ነው፤ ጭቃና ጭድ በእንጨት ላይ የተመረገ፣ ወይም ቆርቆሮ። ፈጣን ጥይት ሌባውን ስቶ ወይም አልፎ ጎረቤት የተኛ ሕፃን ዘንድ ሊደርስ ይችላል። በተራራቁ የገጠር ቤቶች ይህ ሥጋት ቀለል ይላል፤ በዙሪያ ከተሞች ግን ከምርጫው ሁሉ ሊቀድም ይገባዋል። ስለ ጥይት ኃይል የሚደረገው ወግ ይህን አያነሣውም።

በርካሽ ዋጋ የሚቀርበው ሌላው ዓይነት ከሁሉም የከፋ ነው። ለድምፅ ብቻ የተሠራ፣ ለስፖርት ማስጀመሪያና ለፊልም የሚያገለግል ሽጉጥ ከውጭ ይገባና እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ተደርጎ ይሸጣል። በአውሮፓም በአፍሪካ ቀንድም ፖሊስን ያስቸገረ ንግድ ነው። መልኩ ከእውነተኛው አይለይም። አካሉ ግን ብዙ ጊዜ ከለስላሳ ቅይጥ ብረት የተሠራ በመሆኑ የባሩድ ግፊት የሚችል አይደለም፤ በባለቤቱ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አርሶ አደሩ ያልበቀለ ዘር በምርጥ ዘር ከረጢት ተሞልቶ ሲሸጥለት የሚደርስበትን ያውቃል። የዘሩ ጥፋት አንድ መኸር ነው። የዚህኛው ጥፋት ጣት ወይም ዓይን ነው።

ወደ ወጪው ስንመለስ፣ የሽጉጡ መግዣ የጠቅላላው ወጪ መነሻ ብቻ ነው። የተቆለፈ የብረት ሣጥን ያስፈልጋል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ከሽጉጡ ቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው። የቆዳ ማኅደር፣ ተጨማሪ ካርታ፣ የመጽጃ ዘይትና ጨርቅ አለ። ከሁሉም በላይ ሥልጠና አለ። በሕጋዊ መተኮሻ ሥፍራ፣ በሕጋዊ ጥይት፣ በአሠልጣኝ ፊት ያልተለማመደ ሰው የያዘው ሽጉጥ ከዘረፋ ሊያድነው ቀርቶ ለዘራፊው የተዘጋጀ ተጨማሪ ምርኮ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የተለየ ሆኗል። እንደ ጥንቱ መሣሪያን እንደ ንብረት ማቆያ ማየት የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ግን ሊሸጥ የሚችለው ለፈቃድ ባለቤት ብቻ የሆነ ዕቃ እንደ ጥጃ በቸገረ ቀን ገበያ አይወጣም።

እዚህ ላይ የከብት ነጋዴውን ከጥበቃ ሠራተኛው መለየት ይገባል። የመጋዘን ጠባቂ በአንድ ቦታ ቆሞ፣ በግልጽ ታጥቆ፣ በአሠሪው ፈቃድና ኃላፊነት ይሠራል። ለእርሱ ሙሉ መጠን ያለው፣ የታወቀ ፋብሪካ ያመረተው፣ 9×19 የሚጎርስ ሽጉጥ ከአሮጌ ኮልትም ከማካሮቭም የተሻለ ምርጫ ነው፤ ወጪውም የድርጅቱ እንጂ የእርሱ ሊሆን አይገባም። ጠባቂው በራሱ ደመወዝ እንዲታጠቅ የሚጠብቅ አሠሪ የጥበቃውን ዋጋ በድሃው ትከሻ ላይ እየጫነ ነው። ነጋዴው ግን በመንገድ ላይ ብቻውን ወይም በተሳፋሪ መካከል የሚገኝ ሰው ነው፤ አድፍጦ የሚጠብቀውን አስቀድሞ ሊያይ አይችልም። ሽጉጡን ለመግዣ የሚያወጣው ገንዘብ ሰንጋ ቢገዛበት ይደልብለት ነበር። የሽያጩን ገንዘብ ገበያው ሳይፈታ ባንክ ማስገባት፣ ከጓደኞች ጋር በቀን መመለስ፣ የሽያጩን ቀን ለማያውቁት አለመንገር ርካሽና የተፈተኑ መንገዶች ናቸው።

ይህን ሁሉ ሰምቶም ለመታጠቅ የወሰነ ሰው፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ለሚኖርበት አካባቢ ፖሊስ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ለእኔ ሁኔታ ፈቃድ ይሰጣል ወይ? በፈቃዱ ላይ የሚጻፈው የጥይት ዓይነት የትኛው ነው? ያን ጥይት፣ በሕጋዊ ደረሰኝ፣ ስንት ፍሬ ከየት ልገዛ እችላለሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ የተጻፈ መልስ ያላገኘ ሰው ስለ ማካሮቭና ስለ ኮልት የሚያደርገው ንጽጽር ገና አልተጀመረም።