«አርፈው ይቀመጡ» ማለት ይብቃ!

ለሳሪስ አቦ ሠፈር ነዋሪዎች በሙሉ፤

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሠፈራችን አንድ የማይረባ አባባል ሥር እየሰደደ መጥቷል። አንዲት እናት ማለዳ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ዋናው መንገድ ብቅ ሲሉ ልጅ ወይም ጎረቤት ከበር ላይ ሆኖ «ኧረ እማማ፣ የት ሊሄዱ ነው? አርፈው ይቀመጡ እንጂ!» ይላቸዋል። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ማክበሩ ነው። እኛ ግን ይህን ዓይነቱን አክብሮት አንቀበለውም።

ሁለተኛው አባባል ደግሞ ይብሳል። «በዚህ ዕድሜ እጅ አዲስ ነገር አይለምድም» ይባላል። አንድ አባት በቴሌብር ገንዘብ መላክ እንማር ሲሉ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ከእጃቸው ወስዶ «እኔ ልላክልዎ አባባ» ይላል። ወድቀው የተነሡትና በከዘራ መራመድ የሚለማመዱትም ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ በግራና በቀኝ ተደግፈው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ «አላልናችሁም? አልለመዱም!» ይባላል። ያልሠራ እጅ እንዴት ይልመድ?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ከጎረቤቶቻችን መካከል በአደይ አበባ ክር ፋብሪካና በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ጉልበታቸውን የጨረሱ አሉ። ዛሬም የተበጠሰ ክር ስጧቸው፤ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ይቋጥሩታል። እንዝርት የሚያሾሩ እናቶቻችን ጣት መቼ ጡረታ ወጣ? ይህ የእጅና የእግር ትዝታ በቃል ከሚጠና ትምህርት የተለየ ነው። የሰው ስም የሚጠፋባቸው አዛውንት እንኳ ጥጥ መፍተሉ፣ ቡና መቁላቱ ላይጠፋቸው ይችላል።

«እሱማ የድሮው ነው፤ አዲሱስ?» ለሚሉን መልስ አለን። አዲስ የእጅ ሙያ በተለማመዱበት ሰዓት ብቻ አይያዝም። ልምምዱ ካለቀ በኋላም አንጎል ለሰዓታት፣ በእንቅልፍም ጊዜ ጭምር፣ ሲያጸናው ይቆያል። ልብን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣት ወንዶችን አንድ አዲስ የእጅ ሥራ አለማመዱ። ገሚሶቹ ከልምምዱ በፊት ወይም በኋላ ብስክሌት በኃይል እንዲነዱ ተደረገ፤ የቀሩት ዐረፉ። በማግሥቱም፣ ከሳምንት በኋላም ሲፈተኑ የነዱት ካረፉት ይልቅ ሥራውን ይዘውት ተገኙ። በሳምንቱ ፈተና ከሁሉ የበለጡት ደግሞ ከልምምዱ በኋላ የነዱት ነበሩ።

እርግጥ ነው፣ እነዚያ ወጣቶች ናቸው። በአረጋውያን ላይ የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላመጡም፤ ሽማግሌ ከወጣት ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚማርም አንክድም። ቀስ ብሎ መማር ግን አለመማር አይደለም! ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣውን ጥናት ተመልከቱ። 120 ትልልቅ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እስከ 40 ደቂቃ ለአንድ ዓመት በእግራቸው ተራመዱ፤ የቀሩት ሰውነት ማሳሳብ ብቻ ሠሩ። ሂፖካምፐስ የሚባለው የትዝታ ክፍል በተራመዱት አንጎል ውስጥ በ2 በመቶ ያህል ሲያድግ በሌሎቹ ግን ቀነሰ። ይህ ክፍል የቦታና የነገር ትዝታ እንጂ በዋናነት የእጅ ትዝታ ቤት አይደለም። ሆኖም ያረጀ አንጎል ከእንግዲህ አይለወጥም የሚለውን ወሬ ያፈርሰዋል።

ለመሆኑ «አርፈው ይቀመጡ» ባዮች በሰሞነ ሕማማት የት ይሄዳሉ? በአቦ ቅጽር ግቢ ሲወድቁ ሲነሡ የሚውሉትን እናቶች ማንም «ይቀመጡ» አይላቸውም። መስጊድ ገብተው በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግዱትንም አባቶች እንዲሁ። በበዓሉ ጉልበት ያለው ሰው በማግሥቱ ምን ነካው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀንም ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ይጨምርበታል፤ ይኸውም መውደቅን ለመከላከል ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ እያወሩ መሄድ የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የሚከለክል ያህል። ደረታቸውን የሚያማቸው ወይም ግፊትና ስኳር ያለባቸው አስቀድመው የጤና ጣቢያ ባለሙያ ያማክሩ።

ግን የት ይራመዱ? እዚህ ላይ ነው የምንቆጣው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚያስገባው የእግረኛ መንገድ ላይ አሸዋና ጠጠር ቆልለው ወራት የሚያስቆጥሩ ቤት ሠሪዎች አሉ። ማን እንደሆኑ ራሳቸው ያውቃሉ። አንድ ወጣት ጠጠሩን ዘሎ ያልፋል፤ ከዘራ የያዙ አባት ግን ወርደው ከመኪና ጋር ይጋፋሉ፣ ያለዚያም ቤታቸው ይቀራሉ። በ2011 ዓ.ም. በከተማችን «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጎዳና ለእግረኛ መከፈት ሲጀምር ሁላችንም አጨብጭበናል። ለጎዳናው ያጨበጨብን ሰዎች በራሳችን ደጃፍ አንድ ክንድ መንገድ እንንፈግ?

ስለዚህ ጠጠርና አሸዋ የቆለላችሁ እስከ መጪው እሑድ ድረስ አንሡልን። ኳስ የምትጫወቱ ልጆችም ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት የሜዳውን ዙሪያ ለአባቶችና ለእናቶች ልቀቁ። ስልክ የምታስተምሩ የልጅ ልጆች ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ እሳቸው ይንኩት፣ ይሳሳቱ፣ ደግመው ይንኩት። ከተቻለ ከትምህርቱ በኋላ አብራችኋቸው ወጣ በሉ፣ በማግሥቱም ያንኑ ድገሙላቸው።

ከማኅበሩ ኮሚቴ