ለጠላ ቤት የሚሆን ገንዘብ

በክፍላችን አንዲት እናት ይማራሉ። ጠላቸው በአገሩ የተመሰገነ ነው። ገበያው ዳር ቤት ተከራይተው ጠላ ሊሸጡ አሰቡ። ለኪራይ፣ ለጋን፣ ለገብስ፣ ለጌሾና ለማገዶ 5,000 ብር አስፈለጋቸው።

አንድ አበዳሪ ወረቀት ጽፎ አመጣ። «እማማ፣ እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ» አላቸው። እሳቸው ግን «ቆይ እስቲ፣ ላንብበው» አሉ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ክፍል መጡ።

በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልን። ወለዱ ለ100 ብር በወር 10 ብር ይላል። አብረን በሰሌዳ ላይ አሰላነው። ለ5,000 ብር በወር 500 ብር ነው። በዓመት 6,000 ብር ይሆናል። ወለዱ ዋናውን በለጠ! ይህ አራጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ለ100 ብር በዓመት ከ12 ብር በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዕቁብ አለ። 20 ሰዎች በየወሩ 250 ብር ቢጥሉ ባለ ዕጣው 5,000 ብር ይወስዳል። ወለድ የለውም። ዕጣው ግን ሊዘገይ ይችላል። የደረሰውም ሰው ዋስ ጠርቶ እስከ መጨረሻው ይከፍላል።

ገንዘቡ ሲገኝ ሁሉንም ለጋንና ለመቀመጫ አናውለው። የሚቀጥለው ጥንስስም ገብስና ጌሾ ይፈልጋል። በዱቤ የጠጣውን ሰው ስሙንና ሂሳቡን በደብተር እንጻፍ። ጠጪ ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም።

እኚህ እናት ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱ። ዕቁብ ገቡ። እኛም ከእሳቸው ተማርን። ሳናነብ አንፈርም!