ኮራል በደጋ ቤት ውስጥ

ከደምበጫ አንድ አንባቢያችን በጻፉልን ደብዳቤ፥ ልጃቸው በመስታወት ገንዳ የጨው ውሃ ሞልቶ ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ማሳደግ ከዠመረ ዓመት እንደ ኾነው፥ ነገር ግን ፍጥረቱ እንዳልሞተ፥ እንዳላደገም፥ አንዳንድ ቀንም እንደ አበባ የሚዘረጋውን አካሉን ሰብስቦ እንደሚውል ገልጠው፥ ምን ቢጐድለው ነው ሲሉ ጠይቀውናል። ለገንዳው የወጣው ገንዘብ ቀላል አለመኾኑንና የቤቱም እመቤት «ወይ ይደግ፥ ወይ ይውጣ» ማለታቸውን ጨምረው ጽፈዋል። ነገሩ ለደጋ ሰው እንግዳ ቢመስልም፥ ሕይወት ያለው ፍጥረት በቤት ውስጥ እስከ ተያዘ ድረስ ጥያቄው የቤተ ሰብ ጥያቄ ነውና ልንመልስላቸው ወደድን።

ኮራል ድንጋይ ወይም ዕፅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እንስሳ ግን ነው። ሴቶቻችን በአንገታቸው የሚያደርጉት መርጃን የተባለው ቀይ ጌጥ የዚሁ ወገን አጽም ነው። አጽሙን የሚሠራው ፖሊፕ የሚባል፥ አፉን በጣት መሰል እጆች የከበበ፥ ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ፍጥረት ነው። በሺሕ የሚቈጠሩ ፖሊፖች ጐን ለጐን ተያይዘው ከባሕሩ ውሃ የኖራውን ንጥረ ነገር እየሳቡ ከበታቻቸው ድንጋይ ያነጥፋሉ። ቅርንጫፍ የሚያወጣው ወገን በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል፤ እንደ ጉብታ የሚከመረው ግን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጨምር ነው። ስለዚህ አንባቢያችን በመዠመሪያ የልጃቸው ኮራል ከየትኛው ወገን እንደ ኾነ ይመልከቱ፤ ከሁለተኛው ከኾነ «አላደገም» ያሉት በችኰላ ይኾናል።

የጐጃም ሰው የዚህን እንስሳ ሥራ ለማየት እስከ ባሕር መሄድ አያሻውም። ከደምበጫ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ከደጀን ወደ ዐባይ በረሓ የሚወርድ መንገደኛ የሚያየው የኖራ ድንጋይ ንጣፍ፥ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት በዚያ ቦታ በነበረ ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው፤ በውስጡም የዛጎልና የኮራል ቅሪት ይገኛል። በዳናክል ቈላም ከ120 ሺሕ ዓመት ያህል በፊት ከቀይ ባሕር የገባው ውሃ በደረቀ ጊዜ፥ ኮራል የሠራው ግንብ በምድረ በዳ ቆሞ ቀርቷል።

አኹን ወደ ገንዳው እንመለስ። ፖሊፑ በሥጋው ውስጥ አልጌ የተባለ ዐይን የማያየው ረቂቅ ፍጥረት ያኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ እየሠራ፥ እንደ ቀድሞው ዘመን ጭሰኛ፥ ከሠራው አብዛኛውን ለባለ ቤቱ ይገብራል፤ ፖሊፑ ከሚያስፈልገው ኀይል እስከ ዘጠኝ ዐሥረኛ የሚኾነው ከዚህ ሊገኝ ይችላል። መብራቱ ደካማ ከኾነ ግብሩ ያንሳል፥ ዕድገቱም ይቆማል። ነገር ግን ብርሃኑን በአንድ ቀን እጥፍ ማድረግ ወይም ውሃውን ከመጠን በላይ ማሞቅ የባሰ ነው፤ ፖሊፑ ያን ጊዜ አልጌውን ከሥጋው ያባርርና ነጭ ኾኖ በረኃብ ሊሞት ይችላል። ይኸው መከራ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1998፥ በ2016፥ ደግሞም ከ2023 ዠምሮ የዓለምን ባሕሮች አግኝቷቸዋል። በቤት ውስጥ መብራቱ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይብራ፤ ሙቀቱም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይኹን። የደምበጫ ሌሊት ይበርዳልና ማሞቂያው የግድ ነው።

ከብርሃን ቀጥሎ ያለው፥ በደጋ ቤትም ብዙውን ጊዜ ችግር የሚነሣበት፥ የውሃው ነገር ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ይህ ጨው ግን ልዩ ልዩ ነገር የተደባለቀበት ነው። ከአፋር የሚመጣውን አሞሌ አሟምቶ ገንዳ መሙላት ወጥ ለማጣፈጥ ይበቃ ይኾናል እንጂ ለኮራል አይበቃም፤ በሊትር 420 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዚየም ያስፈልገዋልና። በበጋ ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ የጐደለው የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይኾን በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው። በመዳብ ዕቃ መቅዳትም ኾነ መበጥበጥ አይገባም፤ ጥቂት መዳብ ፖሊፑን ይገድለዋል።

ካልሲየሙ ብቻውን ድንጋይ አይኾንም። ውሃው ኮምጣጣነትን የሚቋቋምበት፥ አልካሊኒቲ የሚባለው ኀይል ከ7 እስከ 11 የዠርመን ዲግሪ መኾን አለበት፤ ኮራሉ ባደገ መጠንም ይህ ኀይል ያልቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስታውስ እንወዳለን። ለብርድ ተብሎ በርና መስኮት በተዘጋበት ቤት ቡና በከሰል ሲፈላ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይከማችና ወደ ገንዳው ይገባል፤ ውሃውም ወደ ኮምጣጣነት ያዘነብላል፥ ፖሊፑም ድንጋይ መሥራት ይከብደዋል። የደብዳቤው ገንዳ በእንግዳ መቀበያው ክፍል መቀመጡን ስናነብ ይህን ጠርጥረናል። መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የከሰሉ ጢስ ለሰውም ቢኾን አይበጅም።

የምግቡ ትራፊ ሲበዛ የሚከማቸው ፎስፌት የአጽሙን ሥራ ያሰናክላል፤ ፈጽሞ ምግብ የሌለበት ውሃም ፖሊፑን ያከሳዋል። ሁለት ልዩ ልዩ ኮራሎች ተቀራርበው ከተተከሉ ደግሞ እንደ ርስተኞች በድንበር ይጣላሉ፤ አንዱ ሌላውን በመርዛም ክሩ ይነድፈዋልና ራቅ ራቅ ይደረጉ።

ውሃው ያለ ማቋረጥ መንቀሳቀስ አለበት። 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር አየሩ ስስ ስለ ኾነ፥ ወደ ውሃው የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። በሌሊት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም የዓመት ዕድገት እስኪነጋ ሊጠፋ ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ትርፍ ፓምፕ ለመግዛት ዐቅም ከሌለ፥ ገንዳውን አለመዠመር ይሻል ነበር ብለን በግልጥ እንናገራለን።

ከባሕር ርቆ ማሳደግ የሚቻል መኾኑ ግን ተፈትኖ ታይቷል። በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም በ1989 በኤውሮጳ አቈጣጠር ከጎረቤታችን ከጂቡቲ ባሕር የተወሰደ ኮራል በገንዳ ተተክሎ አድጓል፥ ተራብቷልም። ዛሬ አሳዳጊዎች ከቤት ካደገው ኮራል ጣት የሚያህል ቈርጠው ይሰጣጣሉ፤ ከባሕር ከተነቀለው ይልቅ ይህ የተመረጠ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ድንጋይ ሠሪ ኮራል ግን ኢትዮጵያ በ1989 በገባችበት በዓለም አቀፍ ውል የሚጠበቅ ስለ ኾነ፥ ያለ ፈቃድ ወረቀት ማምጣት ክልክል ነው።

ስለዚህ አንባቢያችን አዲስ መብራትም ኾነ አዲስ መድኀኒት ከመግዛታቸው በፊት፥ ልጃቸው በሳምንት ሁለት ቀን፥ ዘወትር በአንድ ሰዓት፥ የውሃውን ሙቀት፥ የጨውን መጠንና አልካሊኒቲውን እየለካ ለአንድ ወር በደብተር ይጻፍ። ቍጥሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከኾነ ፖሊፑ አካሉን የሚሰበስበው በዚያ ምክንያት መኾኑ አይቀርም። ደብተሩን ቢልኩልን ደስ እያለን እንመለከተዋለን።